የተጫነ ነርቭ በመሳብ አይለቅም!

ጠዋት ጠዋት ተሰባስቦ ስፖርት መሥራት ደሴም ኮምቦልቻም ተለምዷል። ዮጋ የጨመሩም አሉ፤ እሰየው! ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ግን ሌላ ነው። «ወገቤን ያመኛል፣ እስከ እግሬ ይነዝረኛል» ያለውን ሰው «ጡንቻህ ተሳስሮ ነው፤ ጎንበስ ብለህ ጣትህን ንካ፣ ቻለው!» የሚል አሠልጣኝ በዝቷል።

የዮጋ ጠላት አይደለሁም። ዲስክ ነርቬን ተጭኖት ዓመታት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ዮጋም እሠራለሁ። የምናገረውም ለዚህ ነው።

ነርቭ ጡንቻ አይደለም። ሐኪም ነርቭ መጫኑን ሲጠረጥር በጀርባ አስተኝቶ እግርን ጉልበት ሳይታጠፍ ቀስ አድርጎ ያነሳል። ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቩ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ ወዲያው ያወርደዋል። እግር ዘርግቶ ማጎንበስም ነርቩን የሚስበው እንደዚያው ነው። ሐኪም ለአፍታ ሞክሮ የሚተወውን እናንተ «እስከ 30 ቁጠር» ትላላችሁ!

ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ዲስክ የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ ሲያጎነብስ ይብስበታል። የአከርካሪው ቦይ የጠበበበት ደግሞ ቀና ሲል ይብስበታል፤ ሲያጎነብስ ይቀለዋል። የደሴን ዳገት ደህና ወጥቶ ቁልቁለቱ ላይ እግሩ የሚዝልበት አዛውንት አላያችሁም? በሆድ ተኝቶ ደረትን ቀና ማድረግ አንዱን ሊያሽለው፣ ሌላውን ሊጎዳው ይችላል። ታዲያ ሁለቱን አሰልፎ አንድ ትእዛዝ መስጠት ምን ይባላል?

መለኪያው ቀላል ነው። ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ነው፤ ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ያቁሙ። ጉልበት ማጠፍ፣ ግድግዳ መደገፍ፣ ወንበር ላይ መሥራት ሽንፈት አይደለም። እኛ ወሎዬዎች ይሄን መማር አያስፈልገንም። ሱጁድ መውረድ ያቃተው አባት ወንበር ላይ ሆኖ ይሰግዳል፤ ቅዳሴ መቆም የከበዳቸው እናት መቋሚያ ይደገፋሉ። ማንም ሰነፍ አይላቸውም። ፈጣሪ የፈቀደውን አሠልጣኝ ሲከለክል ጉድ ነው!

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም፦ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ እግር አልታዘዝ ካለ፣ ዮጋም ወጌሻም ሳይሉ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምታሠለጥኑ አላችሁ። «ጎንበስ!» ከማለታችሁ በፊት «ወደ እግሩ የሚወርድ ሕመም ያለበት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እጅ ያወጣውን ሐኪም ሳያየው አታስጎንብሱት። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የተጎዳ ነርቭ ግን ወራት ይፈጃል።