አንበሳሜ ላይ የሚንኳኳው በር

ጉዳይ ይዞ ወደ ወረዳው ዋና ከተማ አንበሳሜ የሚወርድ የደራ ወረዳ ገበሬ የሦስት ሥርዓቶችን በር ያንኳኳል። ወረዳው በ1934 ዓ.ም. የአስተዳደር ድንጋጌ መልክ ከያዘው መዋቅር የወረደ ነው፤ ቀበሌው የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያቋቋመው የገበሬ ማኅበር ወራሽ ነው፤ የወረዳው ጥቅል በጀት ደግሞ የኢሕአዴግ ዘመን አሠራር ነው።

ከሁሉ የከበደው ውርስ ግን ፍርሃት ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በርካታ ወረዳዎች የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በደርግ ዘመን በቀበሌ የሠሩ ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ይዞታቸው በ1 ሄክታር ተገደበ። የበደለውም ያልበደለውም አብሮ ተቀጣ። ይህን እያየ ያደገ ልጅ ከቀበሌ ኃላፊነት ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል? የሚሾመውም ከጎረቤቱ ይልቅ የበላዩን ቢሰማ አያስገርምም፤ ተገልጋዩን የሚያመላልሰው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ደብተር መሬት የማጣት ስጋቱን አቃልሏል። ይህ ሊጠበቅ የሚገባው ውርስ ነው። አሁን የክልሉ ምክር ቤት አንድ እርምጃ ይጨምር፦ ማንም ሰው በሠራው ጥፋት እንጂ በያዘው ሹመት ብቻ መሬቱን እንዳያጣ በሕግ በግልጽ ይደንግግ።