ድንበሩ ሳይሸሽ ካርታው ሲሸሽ

የገጠር መሬት ይዞታ በካርታ ተደግፎ መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር መሪዎች ላይ አንድ ዐዲስ ኀላፊነት ተጨምሯል። ይኸውም በኮምፒዩተርና በስልክ የሚታየውን ካርታ መሬት ላይ ካለው ድንበር ጋር ማመሳከር ነው። ቀድሞ ለድንበር ምስክር የሚሆኑት የአገር ሽማግሌ፣ የድንበር ድንጋይና የወሰን ጎረቤት ነበሩ። ዛሬ ከነዚህ ጋር ካርታውም ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ምስክር ከሆነ ደግሞ መመርመር ይኖርበታል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ካርታ በካርታ ላይ ሲደረብ ነው። አንዱ ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ሁለተኛው የይዞታ ድንበር መሥመር፣ ሦስተኛው በስልክ የተነበበ ነጥብ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በኢንተርኔት ካርታ ላይ ሲገናኙ የአንዱ ገበሬ ማሳ የጎረቤቱን እርሻ ተሻግሮ ከወል ግጦሽ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን ያየ ሰው ገበሬው ድንበር ገፍቷል፣ አለዚያም ቀያሹ ተሳስቷል ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። ሆኖም ድንበር የገፋ ሰው ሳይኖር፣ መነሻቸው የተለያየ ካርታዎች ሳይተረጎሙ በመደረባቸው ብቻ ይኸው ሊደርስ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት የዘመን አቆጣጠራችንን ማሰብ ይበቃል። መስከረም 1 ቀን 2016 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ የተለያየው ቁጥሩ ነው። የፈረንጁን 2023 ሳይለውጥ እንዳለ ወስዶ «ዓመተ ምሕረት» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ሰባት ዓመት ይሳሳታል። በካርታም ያው ነው። መሬቱ አንድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ከየት መነሻ እንደ ተቆጠረ ካልታወቀ ማሳው ካለበት ቦታ ርቆ ይታያል።

በኢትዮጵያ ካርታ ሲሠራበት የኖረው መነሻ አዲንዳን ይባላል። ስሙ በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ በአባይ ዳር ከነበረ ሥፍራ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፣ ለአባይ ተፋሰስ ጥናት ከዩናይትድ ስቴትስ ጋር በተካሄደው የምድር ቅየሳ አማካይነት ነው። ቢቸናም ሞጣም በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው። የስልክና የጂ.ፒ.ኤስ መሣሪያ የሚቆጥረው ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ 84 ከሚባለው ዓለም አቀፍ መነሻ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በአዲንዳን የተመዘገበ የሜትር ቁጥር እንደ ደብሊው.ጂ.ኤስ 84 ሆኖ ቢነበብ ማሳው ከእውነተኛው ቦታ ወደ ደቡብ 200 ሜትር ያህል፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 90 ሜትር ያህል ሸሽቶ ይታያል። አንድ ሄክታር በጎን መቶ ሜትር ነው ቢባል፣ ማሳው ሁለት ማሳ አልፎ ከሌላ ሰው ይዞታ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሌላም ዐይነት ስሕተት አለ። የዓለም ክብ ገጽ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የሚዘረጋበት ዘዴ ፕሮጄክሽን ይባላል። በተለመደው የሜትር ፕሮጄክሽን ምሥራቅ ጎጃም በ37ኛው ቀጠና ይገኛል። በስሕተት 36ኛ ተብሎ ቢመዘገብ ቢቸና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ሄዶ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ይታያል። ይህን ዐይነቱን ስሕተት ማንም ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አስቸጋሪው የሁለት መቶ ሜትሩ ነው፤ እውነት መስሎ የጎረቤት ጠብ ይጭራልና።

የስፋት ነገርም አለ። አብዛኛው የኢንተርኔት ካርታ የሚዘረጋበት ፕሮጄክሽን ከምድር ወገብ እየራቁ ሲሄዱ መሬቱን አስፍቶ ያሳያል። በቢቸናና በሞጣ ስፋቱ ከመቶ 4 ያህል ይጨምራል። ይህን የሚያርም ስሌት ሳይገባ በቀጥታ ከገጹ የተለካ አንድ ሄክታር 400 ካሬ ሜትር ያህል ትርፍ ይዞ ይወጣል። የመሬት ግብርም ሆነ የማዳበሪያ መጠን በሄክታር የሚታሰብ በመሆኑ ገበሬው የሌለውን መሬት እንዳለው ሊቆጠርበት ይችላል።

ይህ ጉዳይ በነዚህ ሁለት ከተሞች አካባቢ ለምን ከፍ ያለ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ታሪክ ይመሰክራል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ግምቱ የመሬት ልኬት መግቢያ ነው፣ ልኬቱም ርስት መንጠቂያ ነው ብሎ ሠጋ። ሞጣና ቢቸና የዐመፁ ዋና ማዕከሎች ከነበሩት መካከል ናቸው። ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው ዐዋጅ መሬትን የሕዝብ አድርጎ የገበሬ ማኅበራትን አቋቋመ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ መሬት እንደገና ተከፋፈለ። በዚህ ሁሉ ያለፈ ገበሬ የልኬት ወሬ ሲሰማ መጠራጠሩ አያስገርምም። በተንሸራተተ ካርታ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ወሰን ገፊ ቢባል የሚጎዳው እሱ ብቻ ሳይሆን፣ ደብተሩን አምኖ የተቀበለው ሁሉ ነው።

ታዲያ የማኅበር መሪ ካርታ ሠሪ ሳይሆን እንዴት ሊመረምር ይችላል? መለያው ቀላል ነው። አንድ ማሳ ብቻ ከፎቶግራፉ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነገሩ የዚያ ማሳ ነው፤ ወሰኑ በቦታው ሊታይ ይገባል። ማሳዎቹ በሙሉ በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን ከሸሹ ግን ስሕተቱ የካርታው መነሻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንም ገበሬ ሊጠየቅ አይገባም። ለማረጋገጥም የማይነቃነቁ ሦስት ወይም አራት ቦታዎችን፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የትምህርት ቤት ማእዘን ወይም የድልድይ ጫፍ መርጦ በእግር መሄድና በስልክ የተነበበውን ነጥብ ከካርታው ጋር ማስተያየት ነው። የስልክ ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሜትሮች የሚወሰን ስለሆነ የሁለት መቶ ሜትር ልዩነት ከስልኩ አይመጣም።

ከባለሙያው የሚጠየቀውም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ካርታ በየትኛው መነሻና ቀጠና እንደ ተሠራ በጽሑፍ ይገለጽ። ባለሙያዎች ይህን የሚለዩት በቁጥር ነው፤ 20137 አዲንዳን 37ኛ ቀጠና ሲሆን፣ 32637 ደግሞ ደብሊው.ጂ.ኤስ 84 37ኛ ቀጠና ነው። የካርታውን ስም መለወጥና ካርታውን መተርጎም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውም ሊታወቅ ይገባል። ስሙ ብቻ ሲለወጥ ቁጥሩ እንዳለ ይቀራል፤ ሲተረጎም ግን ቁጥሩ በስሌት ተለውጦ መሬቱ በቦታው ይገኛል። ስሌቱም ለኢትዮጵያ የተዘጋጀው መሆን አለበት። አዲንዳን በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ስለሚሠራበት፣ ለቡርኪና ፋሶ የተዘጋጀው ስሌት በስሕተት ቢመረጥ በምሥራቅ ጎጃም የ30 ሜትር ያህል ስሕተት ይቀራል።

ሊከለከል የሚገባው ድርጊት ደግሞ አለ። መሥመሩ ሳይገጥም ሲቀር በእጅ ጎትቶ ከፎቶግራፉ ጋር ማጋጠም ለዕለቱ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያርምም። ነገ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ካርታ ሲደረብ ያው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል፤ የመጀመሪያው መረጃ ግን ተበላሽቷል።

በሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ አሠራር ደብተር ከመሰጠቱ በፊት ካርታው ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ይታያል። የመሪዎች ዋና ሥራ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ባለ ይዞታ፣ በተለይም ሴት ባለ ይዞታዎችና አቅመ ደካሞች፣ ማሳቸውን በካርታው ላይ እንዲያዩ መጥራት፣ ጎረቤቶችን አቁሞ ማስመስከር፣ የካርታው መነሻ ሳይጣራ የቀረበ የወሰን ክስም ማጣራቱ እስኪያልቅ እንዲቆይ ማድረግ ይገባቸዋል። ከታተመ ደብተር ላይ የገባን ስሕተት ማረም ፍርድ ቤት ያደርሳል፤ ከመታተሙ በፊት ግን ግማሽ ቀን በእግር መሄድ ይበቃዋል።