ኦናው ከተማ ዕዳ አለበት

«ኮረኮንች ሸሽተን መጥተን፣ ኮረኮንች ለመንዳት ደግሞ እንክፈል?»

ዴንቨር ያለ የሐበሻ ልጅ «ጂፕ ተከራይቼ ተራራ ልወጣ ነው» ሲል ከጓደኞቹ የሚሰማው ይህንን ነው። ቀልዱ ያስቃል። አባቱ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ ሲንገጫገጭ የኖረ ልጅ፣ ለመንገጫገጭ ዶላር ሲቆጥር ማየት በእርግጥም ግራ ያጋባል። እኔ ግን ዛሬ ከቀላጆቹ ጋር ጠብ የለኝም። እነሱ ቢያንስ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ጠቤ ከሄዱት ጋር ነው፤ ከራሴም ጭምር።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አርባ ምናምን ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ሠላሳው የጎማ ነው። ጎማ ድንጋይ ላይ፣ ጎማ ውሃ ውስጥ፣ ጎማ ጭቃ ለብሶ። ከተማው የሚታይባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ በአንደኛው ደግሞ እኔው ፊቱ ቆሜ ጋርጄዋለሁ።

ቦታው አኒማስ ፎርክስ ይባላል። ደቡብ ምዕራብ ኮሎራዶ፣ ሳን ህዋን በሚባሉት ተራሮች ላይ፣ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ኦና ከተማ ነው። አዲስ አበባ ለምታነቡኝ፦ ከእንጦጦ አናት በላይ ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መንገዱን አላናንቅም። ከሲልቨርተን ከተማ ተነስቶ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዩሬካ እስከሚባለው ስፍራ ድረስ ደህና ፒስታ ነው። ከዚያ በኋላ ይጠባል፣ ድንጋዩ ይበዛል፣ አንዱ ጎን ገደል ይሆናል። ከከተማው አልፋችሁ ሽቅብ ከቀጠላችሁ ደግሞ በአንድ በኩል ሲናመን ፓስ በ3,850 ሜትር፣ በሌላ በኩል ኢንጂነር ፓስ በ3,900 ሜትር ይጠብቋችኋል። እዚያ ፎር ዊል የሌለው መኪና ባይሞክረው ይሻለዋል። ሪዶታ አስገብታችሁ በእርጋታ ትወጣላችሁ። ስትወርዱ በማርሽ ይዛችሁ ነው፤ ፍሬን ላይ የተኛ ሰው ፍሬኑን አቃጥሎ ይቀራል። ሁለት መኪና በማያሳልፈው ቦታ ቅድሚያው የሚወጣው ነው፤ የሚወርደው ሰፋ ያለ ቦታ እስኪያገኝ በሪቨርስ ይመለሳል። ከሰኔ ገደማ እስከ ጥቅምት ካልሆነ በረዶ ዘግቶታል።

እሺ፣ ደረሳችሁ። ከዚያስ?

ከዚያማ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሰዉ ከመኪናው ይወርዳል፣ የእንጨት ቤቶቹን ገባ ወጣ ይላል፣ ባለ ትልቁ መስኮት ቤት አጠገብ ፎቶ ይነሳል፣ «ወይ ጊዜ!» ይላል፣ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይገባል። በቃ። ከዴንቨር ሰባት ሰዓት ያህል ተነድቶ ሃያ ደቂቃ!

እኔን የሚያበሽቀኝ ይቺ «ወይ ጊዜ» የምትባል ነገር ናት። ጊዜ ምን አደረገ? አኒማስ ፎርክስን ኦና ያደረገው ጊዜ አይደለም፤ ሂሳብ ነው። ሂሳቡ ደግሞ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በ1873 በተፈረመው የብሩኖ ስምምነት የዩት ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ተራራማ አገሩን እንዲለቅ ተደረገ። ምክንያቱ ወርቅና ብር ነው። አኒማስ ፎርክስ ላይ የመጀመሪያዋ የግንድ ጎጆ የተሠራችው መቼ ነው? በዚያው በ1873። ስለዚህ ይህ ቦታ ኦና የሆነው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛውን ግን ፎቶ የሚያነሳው የለም፤ ዩቶች የሚደገፉበት ባለ ትልቅ መስኮት ቤት ትተው አልሄዱማ!

ቀጥሎ ግርግሩ መጣ። በ1876 ሠላሳ ያህል ጎጆ፣ ሆቴል፣ ሱቅ፣ መጠጥ ቤት፣ ፖስታ ቤት ነበረው። በ1883 ነዋሪው 450 ደረሰ። በ1884 ለ23 ቀናት ያላቋረጠ የበረዶ ማዕበል ወርዶ 7 ሜትር ተኩል ሲከመር፣ ሰዎቹ ከቤት ቤት የሚተላለፉት በረዶውን እንደ ዋሻ እየቦረቦሩ ነበር። በ1891 እሳት ተነሳ። በ1904 ትልቅ የማዕድን መፍጫ ወፍጮ ተተከለ፤ «አሁንማ አለፈልን» ተባለ። በ1910 ወፍጮው ተዘጋ። በ1917 ክፍሎቹ ተነቃቅለው ወደ ዩሬካ ተወሰዱ። በ1920ዎቹ ከተማው ኦና ሆነ።

ልብ በሉ፦ በረዶውም እሳቱም ሰዉን አላባረሩትም። ያባረረው ትርፉ ማለቁ ነው። ወርቁ ሲያልቅ ባለ ገንዘቡ ወፍጮውን እንኳን ነቃቅሎ ወሰደ። ትቶት የሄደው የተቦረቦረውን ተራራ ነው።

የተቦረቦረ ተራራ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በእነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ብረትና ድኝ የያዘ ማዕድን አለ። ዋሻ ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ዚንኩን፣ ካድሚየሙን፣ እርሳሱን እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከፊሉ ሰው ሳይደርስበትም የነበረ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ጉድጓድ ግን አባባሰው። ማኅበሩ ቢፈርስ፣ ባለቤቱ ቢሞት፣ ውሃው ሥራውን አያቆምም።

ነሐሴ 5 ቀን 2015 ምን እንደሆነ ታስታውሱ ይሆናል። ከአኒማስ ፎርክስ ተራራ ማዶ ባለው ሸለቆ፣ ጎልድ ኪንግ በሚባል ከ90 ዓመት በፊት ሥራ ባቆመ ማዕድን ማውጫ ላይ፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ሲቆፍሩ ግድቡ ተናደ። ከ11 ሚሊዮን ሊትር በላይ የተበከለ ውሃ ወረደ። የአኒማስ ወንዝ ብርቱካንማ ሆነ። ስሙ በስፓኒሽ የነፍሳት ወንዝ ማለት ነው፤ የዚያን ሰሞን እንደ ፋንታ ነበር የሚፈሰው። ውሃው ወደ ሳን ህዋን ወንዝ ገብቶ እስከ ናቫሆ ሕዝብ ምድር ደረሰ። የናቫሆ ገበሬዎች በቆሎና ሐብሐባቸው ማሳ ላይ እያለ የመስኖ ቦያቸውን ዘጉ።

እስቲ አስቡት። ወርቁን ያላዩ፣ ወፍጮውን ያላዩ፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አንድ መለኪያ ያልቀመሱ ሰዎች፣ ለዚያ ዘመን ግርግር በ2015 ዓመተ ምሕረት ሂሳብ ከፈሉ! በ2016 አካባቢው ዋነኞቹ የብክለት ቦታዎች ከሚመዘገቡበት የፌዴራል መዝገብ ገባ፤ 48 የብክለት ቦታ ተቆጠረበት። በ2022 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለናቫሆዎች 31 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ? ከግብር ከፋዩ። ዛሬ ዴንቨር ታክሲ የሚነዳው የሐበሻ ልጅም ድርሻውን ከፍሏል ማለት ነው።

«ኧረ ባክህ! ሰው ሊዝናና ቢሄድ የማዕድን ትምህርት ትሰጠዋለህ?» የሚል አይጠፋም። ገብቶኛል። አትሂዱም አላልኩም። ሲልቨርተን የመጨረሻው ማዕድን ማውጫዋ በ1991 ከተዘጋ ወዲህ የምትተነፍሰው በጎብኚ ነው፤ የእናንተ ሃምበርገርና የጂፕ ኪራይ የአንድ ሰው እንጀራ ነው። እኔ የምለው፣ ያንን ሁሉ ገደል ያለፈ ሰው «ወይ ጊዜ» ብሎ መመለስ የለበትም ነው። «ወይ ጊዜ» ማለት ማንም አይጠየቅ ማለት ነው።

ነገሩ ደግሞ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። «እዚህ ቦታ ወርቅ ተገኘ» የሚል ዜና ስናይ እልል የምንል ሰዎች ነን። ጉጂ ለገደንቢ ላይ በ2018 ሕዝቡ «ልጆቻችንና ከብቶቻችን ታመሙ» ብሎ አደባባይ ወጣ፤ የማዕድኑ ፈቃድም ታገደ። ስንቶቻችን ነን ያኔ «ውሃው ወዴት ነው የሚወርደው?» ብለን የጠየቅን? የወርቁን ግራም እናውቃለን፤ የወንዙን ስም አናውቅም። አኒማስ ፎርክስ የሚያሳየው፣ ይህ ጥያቄ መቶ ዓመት ሲዘገይ መልሱ ምን እንደሚመስል ነው።

ስለዚህ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ከመንገዱ አትውጡ፤ በዚያ ከፍታ ያለ ሣር አንዴ በጎማ ከተደፈጠጠ የሚያገግመው በአሥርት ዓመታት ነው። ሞተሩን አጥፉ። ቤቶቹን እዩ። ከዚያ ወደ ሲልቨርተን ስትመለሱ ሲመንት ክሪክ የሚባለው ወንዝ ዳር ቁሙና ድንጋዮቹን እዩ። ብርቱካንማ ናቸው። ከታች ማን እንደሚጠጣው ጠይቁ።

የጎማውን ፎቶ ከዚያ በኋላ ታነሱታላችሁ። እኔ ጋ ሠላሳ አለ፤ ለፈለገ እልካለሁ።