አየሩን ማን ሰጠህ?

ባለፈው ዓመት አንድ ቪዲዮ ሠርቼ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። አርባ ሰከንድ ነው። ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን ከደመና ውስጥ ተገልብጦ ይወርድና ከአንድ ሚግ-21 ኋላ ገብቶ ያጋየዋል። ከጀርባው ፉከራ አስገብቼበታለሁ። አብራሪው እኔ ነኝ፤ አውሮፕላኑ ያለው ላፕቶፔ ውስጥ ነው። ርዕሱን «ኦጋዴን 1969» አልኩት። ከሥር የሚታየው ግን በረዶ የለበሰ የካውካሰስ ተራራ ነው፤ የምጠቀምበት ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለው ሲሙሌተር የእኛ አገር ካርታ የለውም። ኦጋዴን ላይ በረዶ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ብዙ ላይክ የሰበሰበው ኮመንት እንዲህ ይላል፦ «ይሄ ነገር ደማችን ውስጥ ነው!»

ያኔ ደስ አለኝ፣ ልብ ሰጠሁበት። ዛሬ ግን ከዚያች ዓረፍተ ነገር ጋር ጠብ አለኝ።

ደሜ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግኩት መካነ ሰላም ነው። ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሁን አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ደሜ ውስጥ ኤፍ-5 የሚያስነሳ ነገር የለም። ሞተሩን ለማስነሳት ብቻ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። መብራት የሄደበትን ምሽት አልቆጠርኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍ-5ኢ ራሱን በራሱ አያስነሳም። ሁለቱ ሞተሮች መዞር እንዲጀምሩ ከውጭ፣ መሬት ላይ ከቆመ መሣሪያ፣ በወፍራም ቱቦ የታመቀ አየር ሊገባላቸው ይገባል። ስለዚህ ኮክፒት ውስጥ ገብተህ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ጀግንነት አይደለም፣ ልመና ነው፦ የምድር ሠራተኛውን ጠርተህ «አየር ስጠኝ» ትለዋለህ። አየሩ ገብቶ የሞተሩ ዙር 10 በመቶ ሲደርስ ማስነሻውን ትጫናለህ፣ ስሮትሉን ከተቆለፈበት ታወጣዋለህ፣ ዓይንህን ሙቀት መለኪያው ላይ ተክለህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ለሁለተኛው ሞተር ደግመህ ትለምናለህ። እኔ ይህን ስላላነበብኩ ሦስት ምሽት ቁልፍ ስጫን አደርኩ። አውሮፕላኑም ዝም ብሎ አየኝ።

ተነሳሁ ብዬ ስፈነጥዝ ደግሞ ማረፍ መጣ። ፍጥነቴን ስቀንስ እየወደቅኩ፣ ስጨምር መንደርደሪያውን አልፌ ማሳ ውስጥ እየገባሁ፣ ስንት አውሮፕላን እንደጨረስኩ አላውቅም። ውጊያውማ አይወራ። ሚግ-21 ስምም ፍጥነትም አለው፤ በወረቀት ላይ ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይበራል፣ ኤፍ-5ኢ 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። ሽቅብ ሲመነጠቅ ተናድጄ ተከተልኩት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ፍጥነቴ አለቀና እንደ ድንጋይ ወረድኩ። አፍተርበርነሩን አብርቼ ሳሳድደው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ነዳጄ ተሟጠጠ። ቀስ ብሎ የገባኝ ነገር፦ ይህን አውሮፕላን የምታሸንፈው ሽቅብ እንዲሄድ ባለመከተል ነው። ዝቅ ብሎና ፍጥነት ቀንሶ እንዲታጠፍ ታስገድደዋለህ፤ ያ ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፉ ሲታጠፍ ፍጥነቱን ይበላበታል፣ ያንተ ትንሽዬ አውሮፕላን ታጥፋ ኋላው ትገባለች። ይህ ደግሞ ትዕግሥት ነው፣ የነዳጅ ሒሳብ ነው፣ የተቃራኒህን አውሮፕላን ከራስህ እኩል ማወቅ ነው። ያ አርባ ሰከንድ ቪዲዮ የወራት ውድቀት ተቆርጦ የተጣለበት ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው 1969 እንሂድ። በዚያ ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የነበሩት ኤፍ-5ኢዎች በጣም ጥቂት ነበሩ። አሜሪካ ወታደራዊ እርዳታዋን በዚያው ዓመት ማጠፍ ስለጀመረች መለዋወጫ ጭንቅ ሆነ። ሶማሊያ ደግሞ ሚግ-17 እና ሚግ-21 ነበራት። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰማዩ የኢትዮጵያ ሆነ። ለገሠ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ በዛብህ ጴጥሮስ፣ እነዚህን ስሞች ማንም የታሪክ ገጽ የሚከታተል ልጅ ያውቃቸዋል። ስሞቹን ማወቅ ቀላል ነው፣ ፎቶ ላይ ተጽፈው ነው የሚመጡት።

«በደም ነው» ካልን የሶማሌዎቹ አብራሪዎች ደም ውሃ ነበር ማለታችን ነው? እነሱም አገራቸውን የሚወዱ ወጣቶች ነበሩ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ደብረ ዘይት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን መሪነት የተጀመረ ሥልጠና አለ። ከሳብ-17 ወደ ኤፍ-86፣ ከኤፍ-86 ወደ ኤፍ-5፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ አንዱ ለሌላው እያቀበለ የመጣ ሙያ ነበር። አስተማሪው፣ ቴክኒሽያኑ፣ ራዳር ላይ ተቀምጦ አቅጣጫ የሚሰጠው፣ መለዋወጫ መዝግቦ የሚይዘው ሁሉ በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ነው። «ደማችን ውስጥ ነው» ስትል ያን ሠላሳ ዓመት በአንድ ቃል ሰረዝከው። ስድብ ነው፣ ያውም በምስጋና መልክ የመጣ። (ደም ደም ካላችሁ ደግሞ፣ ያው ፎን ሮዘን በሐምሌ 1969 ጎዴ ላይ በዚያው ጥቃት ተገድሏል። ለእርዳታ ሥራ ነበር የሄደው።)

ንዴቴ እዚህ ላይ ይብሳል። ደም ነው ብለህ ካመንክ ባለሙያ ቢጠፋ አይቆጭህም፤ ደም ሌላ ይወልዳላ! ያደረግነውም ይህንኑ ነው። በግንቦት 1981 መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሮ ሲከሽፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምሐ ደስታ ሞቱ፤ ከእሳቸው በፊት አየር ኃይሉን የመሩት ጄኔራል ፋንታ በላይም ታስረው በእስር ላይ እያሉ ሕይወታቸው አለፈ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ሠራዊቱ በጅምላ ተበተነ። ከሰባት ዓመት በኋላ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲመጣ «እነዚያ አብራሪዎች የት አሉ?» ተብሎ ፍለጋ ተጀመረ። በዛብህ ጴጥሮስ ቀድሞም በኤርትራ ተማርኮ ዓመታት የታሰረ ሰው ነው። በ1990 ተመልሶ በረረ፣ አስመራ ላይ ተመታ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረከ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ዘንድ አልተመለሰም። ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያህል ቆይቷል። ፎቶውን ፖስት ያደረገ ሁሉ ስለዚያ አሥራ አንድ ዓመት አንድ መስመር ይጽፋል? እኔም ቪዲዮዬ ላይ አልጻፍኩም።

ይህ አመል የአየር ኃይል ብቻ አይደለም፣ አገሬ መቅደላ ላይም አለ። ተማሪ ሳለሁ አምባው ላይ ወጥቼ ሴባስቶፖልን አይቻታለሁ። 7 ቶን ገደማ የምትመዝን መድፍ ናት፤ ጋፋት ተሠርታ፣ በየገደሉ መንገድ እየተጠረገላት፣ በሰው ጉልበት ወራት ፈጅታ የወጣች። ሁላችንም ተደግፈናት ፎቶ ተነሳን። አስጎብኚውም አስተማሪያችንም ስለ ንጉሡ ቁጭት ነገሩን፣ አለቀስን ማለት ይቻላል። ብረቱ እንዴት ቀለጠ? ቅርጹ ከምን ተሠራ? ከአውሮፓውያኑ ጋር የሠሩት የእኛ ሰዎች እነማን ነበሩ፣ የተማሩትን ይዘው የት ገቡ? ይህን የጠየቀ የለም። ቴዎድሮስ እኮ ራሳቸው ጠይቀዋል! ከውጭ አገር ጥበበኛ ላኩልኝ እያሉ ደጋግመው የጻፉ ሰው ናቸው፤ መድፉ ሳይሆን ሙያው ነበር የራባቸው። በ1860 እሳቸው ሞቱ፣ የጋፋት አውሮፓውያን አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፣ እኛ ጋ የቀረችው ብረቷ ናት። ብረቷን እንወዳታለን።

ባለፈው የካቲት አንድ ጓደኛዬ ቢሾፍቱ አጎቱ ቤት ወሰደኝ። አጎትየው በድሮው አየር ኃይል የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነበሩ። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ፣ ላስደንቃቸው ነበር ዓላማዬ። ቡና እየተፈላ ኮክፒቱን ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ፣ ዝም ብለው አዩ። አስነሳሁት፣ ሞተሩ ጮኸ። ጎበዝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፦

«አየሩን ማን ሰጠህ?» አሉ።

«እዚህ ጋ ሜኑ አለ ጋሼ፣ ይጫኑታል፣ ይመጣል።»

ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ሜኑ! እኔ ነበርኩ እኮ ሜኑው!» አሉ። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ቱቦውን ማን ነቀለው? ክዳኑን ማን ዘጋው? ከመነሳቱ በፊት መንደርደሪያው ላይ ጠጠር የለቀመ አለ? አንዲት ጠጠር ሞተሩ ከገባች ሁሉም ነገር አበቃ፤ በመስመር ተሰልፈው ጎንበስ ብለው እንደ ሽምብራ ይለቅሙ ነበር። ግራ ጆሯቸው አይሰማም፤ የቆሙት በየትኛው ጎን እንደነበር በዚያ ታውቃለህ። አውሮፕላኖቹ ሲወጡ ይቆጥራሉ፣ ሲመለሱ ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ ሲጎድል ማንም ቀድሞ ከሜዳው አይገባም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ሲሙሌተሩ ማኑዋል በመቶ የሚቆጠር ገጽ አለው፣ የእሳቸው ሥራ እዚያ ውስጥ ሁለት መስመር ነው።

«ይህን ሰው ጠይቆዎት ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንዳንድ ልጆች ይመጣሉ። ጀግና ይሉኛል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ።»

የተናደድኩት በእነዚያ ልጆች ነው እንዳልል እኔም ለፎቶ ስልኬን አውጥቼ ነበር።

ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፦ ምንም ሰነድ ያልተጻፈለት ሲስተም ይወረስሃል፣ የሠራው ሰው ለቋል፣ አንድ ነገር ስትነካ ሌላው ይወድቃል። በዚያ ሰዓት አንዱ መጥቶ «የቀድሞው ዴቨሎፐር ግን ጀግና ነበር» ቢልህ ምን ትለዋለህ? እኛ ስለ አያቶቻችን የምናደርገው ይህን ነው። «ጀግና» የሚለው ቃል ጥያቄ መዝጊያ ሆኗል። ከተባለ በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ጦርነት እያስዋብክ ነው የሚለኝ አለ። በቪዲዮዬ ላይ ከሆነ ልክ ነህ፣ አጥፍቼዋለሁ። በሲሙሌተሩ ላይ ከሆነ ግን አልስማማም፤ ፉከራውን ከላዬ ያወረደው እሱ ነው። ደጋግሞ የጣለህን ማሽን ቁጭ ብለህ ስትማር መጎረር ያሳፍርሃል። ጊዜ ማባከን ነው ለሚለኝ መልስ የለኝም። አራት ሰዓት ኮመንት ላይ ሲጨቃጨቅ የዋለ ሰው ከሆነ ግን ዝም ቢል ይሻለዋል።

አንድ ሰው ግን አሸንፎኛል። አንድ ማታ እየበረርኩ እናቴ ከመካነ ሰላም ደወለች። ድምፁን ሳልቀንስ አነሳሁት።

«አንት ልጅ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ጨዋታ ነው እማ፣ አውሮፕላን።»

ዝም አለች። ወሎ አውሮፕላንን የሚያውቀው ከሥር ሆኖ ነው። ደሴ በኅዳር 1928 የጣሊያን ቦምብ ሲዘንብባት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። የእኔ ዘመዶች በቅርብ ዓመታት ያዩትንና የሰሙትን እዚህ አልዘረዝረውም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

«ከሥሩ ሰው አለ?» አለች።

«የለም እማ። ቤቶቹ ባዶ ናቸው፣ ሥዕል ነው።»

«እንግዲያ አውሮፕላን አይደለም» አለችና ስለ ገብሱ ማውራት ጀመረች።

እኔ በወራት ማኑዋል ሳገላብጥ ያልመጣልኝ ጥያቄ ነው። ቴክኒሽያኑ አየሩን ማን ሰጠህ አሉኝ፣ እሷ ከሥርህ ማን አለ አለችኝ። ሁለቱም «ጀግና» አላሉኝም።

አሁን በየሁለት ቅዳሜው ቢሾፍቱ እሄዳለሁ። ስልኬን እሳቸው በማይሰሙበት ጆሮ በኩል አስቀምጬ እቀዳለሁ፣ ማታ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ነገሩ እንደምታስቡት አይደለም፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ደመወዝና ስለ ምግብ ቤቱ ሾርባ ነው። እሱንም እጽፈዋለሁ። ሰፈራችሁ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ፣ ታንክ የነዳ፣ ወታደር ሆስፒታል ውስጥ ፋሻ ያጠበች ሰው ካለች ፎቶውን ተዉትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ጠዋት ሥራ ስትገቡ መጀመሪያ የምትነኩት ምን ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ብዕር ተቀብለውኝ የቱቦውን አገጣጠም በካርቶን ላይ መሳል ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሁለቴ ሰርዘው እንደገና ጀመሩት። ማያያዣው ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ የሚጠመዘዘው ጠፍቷቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው ያሽከረክሩ ጀመር፣ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። «ቆይ» አሉኝ። «እጄ ያውቀዋል፣ ቆይ።»