ራሱን የሚመራው አውቶሞቢልና የጣርማ በር ጭጋግ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ የጣርማ በርን ጭጋግ ሳያውቅ አይቀርም። ዋሻውን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር መንገዱ ከዓይኑ ይሰወርበታል። የቀድሞ ሰዎች ይህንን ገደል፥ የአንኮበርንም ቁልቁለት፥ በበቅሎ ሲወርዱ በቅሎዋ የተጠራጠረች እንደ ሆነ ትቆም ነበረና ጌታዋ መቆሟን አይቶ ወርዶ ይስባት ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍጣ የሚያቃጥሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ሄደዋል፤ ከእነዚህም አያሌዎቹ መሪውን በራሳቸው የሚያቀኑ፥ ፍሬኑንም በራሳቸው የሚይዙ ናቸው። የሚያዩትም በካሜራና በራዳር ነው። ካሜራው የሚከተለው በአስፋልቱ ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር ስለ ሆነ፥ ጭጋግ ሲጋርደው፥ ቀለሙ ሲፋቅ፥ ጭቃም መስተዋቱን ሲሸፍነው ሥራውን ይተዋል። አንዳንድ ጊዜ ደወል ያሰማል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በነጂው ፊት ያለች ትንሽ ምልክት ቀለሟን ከመለወጥ በቀር ሌላ ነገር የለም። ከሁሉ የሚከፋው እኩሌታውን ብቻ ሲተው ነው፤ ከፊት ካለው መኪና ያለውን ርቀት እየጠበቀ መሪውን ግን ለቆ ሲገኝ፥ ነጂው ሁሉም እንደ ነበረ ይመስለዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ አውቶሞቢል በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ እጁን ያሳረፈ ሰው ነገሩን አስተውሎ መሪውን እስኪጨብጥ 5 ሰከንድ ቢያልፍ 110 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በጣርማ በር ቁልቁለት ይህን ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ለማግኘት መፈለግ ያሻል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የተሳፈሩት 157 ሰዎች ሁሉ ባለቁ ጊዜ፥ ከአንድ መለኪያ የመጣውን ሐሰተኛ ቁጥር ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የደፋው በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። አብራሪዎቹ ኤሌክትሪኩን ቆርጠው በእጅ ሊያቀኑት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። እንግዲህ መሪው ለሰው ይመለሳል ሲባል፥ በምን ሰዓትና በምን ሁኔታ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ መንጃ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ይህንን በፈተናቸው ቢያገቡት፥ አስመጪዎችም የምልክቶቹን ትርጓሜ በአማርኛ አሳትመው ከመኪናው ጋራ ቢሰጡ፥ የመንገድ ሹማምንትም የጣርማ በርን የመስመር ቀለም ከክረምት በፊት ቢያሳድሱ መልካም ነው። ነጂውም ጭጋጉን ከሩቅ ሲያይ፥ መሣሪያው እስኪተወው ሳይጠብቅ፥ አስቀድሞ ራሱ አጥፍቶ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዋሻው ይግባ።