ባሕሩ የሚጀምረው ከጋላፊ ነው

የካ አባዶን ከቀይ ባሕር ጋር ምን አገናኘው? ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለው ሱቅ ጎራ በሉ። ከማሌዥያ የመጣው የፓልም ዘይትም ሆነ ደጃፉ ላይ የቆመው ሚኒባስ የሚጠጣው ነዳጅ ባሕር ተሻግሮ፣ ጅቡቲ አርፎ፣ በሾፌር ጉልበት የደረሰ ነው። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያች አገር ወደቦች ነው።

የባሕር ደኅንነት ሲነሳ ግን ወሬያችን ሁሉ መርከብና መድፍ ነው። ባሕር ኃይላችን እንደገና ይቋቋማል ከተባለበት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም በታኅሣሥ 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ ካፌ የተቀመጠው ሁሉ አድሚራል ሆኗል። 2012ን ረሳነው እንዴ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቫይረሱ ተገኘባቸው ከሚባሉት መካከል ከጅቡቲ የተመለሱ ሾፌሮች ይገኙ ነበር። ጅቡቲ ላይ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፍሯል። የባሕር ወንበዴ የሚያባርረው ያ ሁሉ ጦር ጋቢና ውስጥ ተሳፍሮ የሚመጣን ቫይረስ ሊያስቆም አልቻለም። ባሕሩም ላይ ያው ነው፤ በ2013 የመጀመሪያዎቹ ወራት በዓለም ዙሪያ ወደ 400,000 የሚጠጉ መርከበኞች ውላቸው አልቆ ከመርከብ መውረጃ አጥተው ነበር። ባሕር ዳር ሠልጥነው በውጭ መርከቦች የሚሠሩ ልጆች እንዳሉን አንርሳ።

«የራሳችን ወደብ ቢኖረንስ ኖሮ?» የሚል አይጠፋም። የወደብ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአንድ በር ብቻ መውጣትና መግባት ያሠጋል። ነገር ግን የራስ ወደብም ሾፌርና መርከበኛ ይፈልጋል። ወረርሽኝ ደግሞ የባለቤትነት ካርታ አይጠይቅም።

በዚያው ዓመት በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ ማላባ ላይ፣ ምርመራ የሚጠብቁ ከባድ መኪኖች ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ተሰልፈው ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በኋላ የሾፌሩ የምርመራ ውጤት በስልክ የሚታይበትና በአባል አገሮች ተቀባይነት የሚያገኝበት አሠራር ዘረጋ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። እኛና ጅቡቲ፣ ነገ በርበራና ላሙ ቢጨመሩም፣ ማን የት እንደሚመረመር፣ የታመመ ሾፌር የት እንደሚታከም፣ ጭነቱን ማን እንደሚረከበው በደህናው ጊዜ ተስማምተን መጨረስ አለብን። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚደረግ ድርድር ከሰልፍ በቀር የሚያተርፈው የለም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ለባሕር ኃይል በጀት ስንሟገት ለጋላፊ ጤና ጣቢያም እንሟገት። የጦር መርከብ ለመግዛት ዓመታት ይፈጃል፤ ሾፌሩ ግን ዛሬ ማታም መንገድ ላይ ነው።

ቸር ያሰማን።