ሰማይ ሲታረስ ሐዋሳ ምን ትሠራለች?

አባቶቻችን ስለማይቻል ነገር ሲናገሩ «ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። ይህ አባባል ዛሬ ጊዜው እያለፈበት ነው። ኅዳር 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ሶቪየቶች ሉኖኮድ 1 የተባለውን ሰው አልባ መኪና ጨረቃ ላይ አሳርፈው፣ ነጂዎቹ በምድር ተቀምጠው በሬዲዮ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነድተውታል። ቻይናም በ2016 ዓ.ም. ቻንግኤ 6 በተባለችው መንኮራኩር ከምድር ከማይታየው የጨረቃ ገጽ አፈር አስቆፍራ አስመጥታለች።

የወደፊቱ ሐሳብ ደግሞ ከዚህ የሰፋ ነው። በጨረቃ ዋልታዎች ፀሐይ በማይደርስባቸው ጉድጓዶች ውስጥ በረዶ አለ፤ ከአፈሩም ክብደት ከመቶ 40 የሚበልጠው በማዕድን ውስጥ የታሰረ ኦክሲጅን ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ውኃ፣ የሚተነፈስ አየርና የሮኬት ነዳጅ እዚያው ለማምረት ያስባሉ። ሌሊቱ የእኛን 14 ቀን ያህል በሚረዝምበት፣ ብርዱም ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ በሚያልፍበት ሥፍራ ዋናው ሠራተኛ ሮቦት መሆኑ ግድ ነው።

«ታዲያ ይህ ለሐዋሳ ምኗ ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም እዚያው ሐዋሳ ይገኛል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ የእንጀራ በር ከፍቶ ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመላኩ የአጎዋ ዕድል ሲቋረጥ ብዙዎቹ ከስፌት መኪናቸው ተነሥተዋል። በርካሽ ጉልበት ብቻ የቆመ ሥራ እንዲህ በቀላሉ ይናጋል። ነገም ስፌቱን ራሱን ሮቦት ሊወስደው ይችላል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ሮቦቱን የሚሠራና የሚጠግን እጅ ነው።

ይህም በአንድ ቀን አይገኝም። ሕንድ በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ ወደ ጨረቃ የላከችው ማረፊያ ተከስክሶባት ነበር። ስሕተቷን መርምራ ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ዋልታ አካባቢ አሳረፈች፤ ያወረደችውም ሮቦት 26 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ነበር። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን በቻይና ሮኬት አስወንጭፈናል። ደስታው ተገቢ ነው፤ የሚቀረው ግን በገዛ እጃችን መሥራቱ ነው።

እንግዲህ የሐዋሳ ተማሪ ጨረቃን እስኪደርስባት መጠበቅ የለበትም። የሐይቁን ጥልቀትና የውኃውን ንጽሕና እየለካ በሬዲዮ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ ይሥራ፤ የሉኖኮድ ነጂዎች ጥበብም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ወጣቱ ሹም ደግሞ የተበላሸውን መኪና «የመንግሥት ንብረት ነው» ብሎ በመጋዘን ከሚያስዝገው፣ በደንቡ አስፈቅዶ ተማሪው ፈትቶ እንዲማርበት ያድርግ። ዝገት ንብረትን ጠብቆ አያውቅም።

ሰማዩ መታረሱ አይቀርም። ያለ ሞፈር ግን አይታረስም፤ ሞፈር መጥረብም የሚለመደው በደጅ ነው።